ስለ ፓርኪንሰን በሽታ፥ ስለ አንጎል ኤሌክትሪክና ስለ መማር

የአንድ መምህር የእጅ ጽሕፈት እያነሰ ሲሄድ ከሁሉ አስቀድመው የሚያውቁት በኋላ ወንበር የሚቀመጡት ተማሪዎች ናቸው። በወልቂጤ ከተማ ሠላሳ ዓመት ያህል ያስተማሩ አንድ አዛውንት መምህር በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ መስመር ሲጀምሩ ፊደላቸው እንደ ወትሮው ጎላ ብሎ ይታይ ነበር፤ ወደ መስመሩ መጨረሻ ሲደርሱ ግን እየደቀቀ ሄዶ የጉንዳን ሰልፍ ይመስላል። ተማሪዎቹ «አይታየንም» ባሉ ቁጥር እንደገና አጉልተው ይጽፋሉ፤ ዳሩ ግን ሁለትና ሦስት ቃል ሳይጽፉ ፊደሉ ተመልሶ ይደቅቃል። ቀጥሎም ድምፃቸው እየሰለለ ሄደ። ፊታቸውም ፈገግታ ስለ ራቀው ተማሪዎቹ ሁልጊዜ የተቆጡ መሰላቸው። ቀኝ እጃቸው በጉልበታቸው ላይ ዐርፎ ሲቀመጥ ብቻውን ይንቀጠቀጣል፤ ጠመኔ ሲያነሡ ግን ይተዋቸዋል። ይህን ያዩት የሥራ ጓደኞቻቸው ከፊሎቹ «እርጅና ነው» አሉ፤ ከፊሎቹም መጠጥ ጠረጠሩ፤ የትምህርት ቤቱም ኀላፊ ጡረታቸውን ቢያስቡበት እንደሚሻል በትሕትና ነገሯቸው።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄደው ሲመረመሩ የፓርኪንሰን በሽታ መሆኑ ታወቀ። እኔ ያገኘኋቸው ከዚህ በኋላ ነው። ስለ መንቀጥቀጡ ብዙም አልጠየቁኝም። «ልጄ፥ የማያስተምር መምህር ብሆን እችለዋለሁ፤ የማይማር ሰው መሆንን ግን እፈራለሁ። ይህ በሽታ መማርን ይወስዳልን?» አሉኝ። አጠገባቸው የተቀመጠው የበኩር ልጃቸው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነበረው። በአሜሪካ የሚኖር ዘመዳቸው «በአንጎል ውስጥ ኤሌክትሪክ ተክለው ይፈውሱታል» ብሎ በስልክ ስለ ነገራቸው፥ ቤተ ሰቡ በከተማ ያለውን ቤትና በአገር ቤት ያለውን ባሕር ዛፍ ሸጦ አባትን ወደ ውጭ አገር ለመላክ ተመካክሮ ነበር።

ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ቢመስሉም መልሳቸው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል። ለእኚህ መምህርና ለልጃቸው የሰጠሁትን አሳብ ለሌሎችም አንባቢያን፥ ይልቁንም ለመምህራን፥ ሳላካፍል መቅረት አልወደድሁም። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

በሽታው ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ልናገር። በ1817 ጄምስ ፓርኪንሰን የሚባል የለንደን ሐኪም ሲንቀጠቀጡና ጎበጥ ብለው ሲሄዱ ስላያቸው ስድስት ሰዎች አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ፤ ከስድስቱም አንዳንዶቹን ያገኛቸው በመንገድ ላይ ሲያልፉ ነው። በሽታው በስሙ የተጠራውም ስለዚህ ነው። ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ግን ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። በአንጎል ግርጌ ጠቆር ያለ ትንሽ ክፍል ይገኛል፤ በዚያ ያሉ ሕዋሳት ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ያዘጋጃሉ። በፓርኪንሰን በሽታ እነዚህ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ ዶፓሚንም ያንሳል፤ ሰውዬውም ይንቀረፈፋል፥ ሰውነቱ ይገተራል፥ ይንቀጠቀጣል። ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በ1950ዎቹ መጨረሻ የዶፓሚንን ሥራ አሳየ፤ በ1960 ደግሞ በቪየና ኦሌ ሆርኒኪየቪች በዚህ በሽታ በሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥ ዶፓሚን እጅግ አንሶ እንደሚገኝ ገለጠ። ከዚህ የተነሣ ሰውነት ወደ ዶፓሚን የሚለውጠው ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት ተገኘ፤ ከ1967 ወዲህም በኪኒን መልክ ለሕሙማን ይሰጣል። በዓለም የጤና ድርጅት የአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የገባው ይህ ኪኒን እስካሁን ድረስ ለዚህ በሽታ የሚወዳደረው መድኃኒት የለም።

በሽታው ተላላፊ አይደለም። በመጨባበጥ፥ በአንድ ጽዋ በመጠጣት፥ በአንድ ገበታ በመብላት ከሰው ወደ ሰው አይሄድም፤ ስለዚህ የአያትን ሲኒ ለይቶ የሚያስቀምጥ ቤተ ሰብ ያለ ምክንያት ያሳዝናቸዋል። እንደዚሁም የተንቀጠቀጠ ሁሉ ፓርኪንሰን ይዞታል ማለት አይደለም። የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ለአእምሮ ሕመምና ለማቅለሽለሽ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም ፓርኪንሰንን የሚመስል መገተርና መንቀጥቀጥ ያመጣሉ። እነዚህን ለይቶ ማወቅ የሐኪም ሥራ ነው።

እዚህ ላይ የቡታጅራን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አይቻለኝም፤ ስለ ነርቭ በሽታዎች በአገራችን ከተደረጉት ጥናቶች ስመ ጥር የሆነው አንዱ የተካሄደው ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ከተማ በሆነችው በቡታጅራ አካባቢ፥ በመስቃንና ማረቆ ገጠር ነውና። በ1980ዎቹ ዓመታት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና የሥራ ጓደኞቻቸው ያሠለጠኗቸው ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ 60,820 ነዋሪዎችን መረመሩ። በ1990 በታተመው ውጤት የሚጥል በሽታ ከሺህ ሰው 5.2 ሆኖ ተገኘ። ፓርኪንሰን ግን ከመቶ ሺህ ሰው 7 ብቻ ነበር፤ ይህም ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አራት ያህል ሰው ማለት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ከ60 ዓመት በላይ ከሆናቸው ሰዎች መካከል ከመቶ አንድ ያህል በዚህ በሽታ ይያዛል ተብሎ ይገመታል።

ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው የእኛ አገር ሰው ከዚህ በሽታ የተጠበቀ ነው» የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። አንደኛ፥ የገጠራችን ሕዝብ ብዙው ልጅና ወጣት ነው፤ በሽታው ደግሞ በብዛት የሽማግሌዎች ነው። ሁለተኛ፥ መድኃኒት የማያገኝ ታማሚ ዕድሜው ያጥራልና በቆጠራ ቀን አይገኝም። ሦስተኛው ምክንያት ግን ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል፤ ሽማግሌው ሲንቀጠቀጥ «እርጅና ነው» ተብሎ በጓዳ ይቀመጣል፤ ጠያቂ ሲመጣም «በዚህ ቤት በሽተኛ የለም» ይባላል። በታንዛንያ፥ በኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ በሚገኘው በሐይ ወረዳ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንዲሁ ቤት ለቤት በተደረገ ጥናት ከመቶ ሺህ ሰው 20 ታማሚ ተገኝቷል፤ ከነዚህም አብዛኞቹ በሽታቸው ከዚያ በፊት ተመርምሮ የማያውቅ ነበሩ። ስለዚህ የቡታጅራን ቁጥር በተመለከትሁ ጊዜ ከአራቱ ይልቅ በአሳቤ የሚመጡት ያልተቆጠሩት ናቸው።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። በ1987 በፈረንሳይ አገር በግረኖብል ከተማ አሊም ሉዊ ቤናቢድ የተባሉ የአንጎል ቀዶ ሐኪም አንድ ነገር አስተዋሉ። በዚያን ጊዜ ብርቱ መንቀጥቀጥ የያዘውን ሰው ለመርዳት በአንጎሉ ውስጥ አንዲትን ትንሽ ቦታ በሙቀት ያቃጥሉ ነበር። የተቃጠለ ቦታ ስለማይመለስ፥ ሐኪሙ ከማቃጠሉ በፊት ታማሚው ነቅቶ ሳለ ቦታውን በትንሽ ኤሌክትሪክ ይነካና ትክክለኛው ስፍራ መሆኑን ያረጋግጣል። ቤናቢድ የኤሌክትሪኩን ምት በሴኮንድ ወደ መቶ ሲያደርሱት መንቀጥቀጡ ቀጥ አለ፤ ሲያቋርጡት ተመለሰ። እንግዲህ ኤሌክትሪኩ ብቻውን ይህን ከሠራ ማቃጠል ለምን ያስፈልጋል? ከነርቭ ሐኪሙ ከፒየር ፖላክ ጋር ሆነው ቀጭኑን ሽቦ በዚያው ተክለው መተውን ጀመሩ። በ1993 ደግሞ ቅርጽዋ ምስር በሚመስል፥ እንቅስቃሴን እንደ ልጓም በምትይዝ ሌላ ትንሽ የአንጎል ክፍል ላይ ተከሉት፤ በዚህም መንቀጥቀጡ ብቻ ሳይሆን መንቀርፈፉና መገተሩም ቀለለ። ይህችን ቦታ መርጠው መሄዳቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በ1990 በአሜሪካ ማህሎን ዴሎንግና ጓደኞቹ በዝንጀሮዎች ላይ ባደረጉት ሙከራ የዚህች ክፍል ሥራ ሲገታ የበሽታው ምልክት እንደሚቀንስ ታይቶ ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ ይህ የተደረገላቸው ሰዎች ከመቶ ሺህ በላይ ናቸው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። በራስ ቅል ላይ በሚከፈት ትንሽ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ እስከ ተፈለገው ቦታ ይገባል፤ ሽቦው ከቆዳ ሥር በአንገት በኩል ወርዶ በደረት ላይኛ ክፍል ከቆዳ ሥር ከሚቀበር ባትሪ ጋር ይያያዛል። ባትሪው በሴኮንድ 130 ያህል ጊዜ ይመታል። ከዚያ በኋላ ዐዋቂ ሐኪም ኀይሉን ለብዙ ወራት እየለካ ያስተካክለዋል፤ ባትሪውም እንደ ዐይነቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይለወጣል ወይም ዘወትር ኀይል ይሞላል። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ፥ ከዚያም በኋላ የቍስል መመረዝ ሊደርስ ይችላል። ዋጋውም በብዙ አሥር ሺህ ዶላር የሚቈጠር ነው።

ልጁን «ይህ ሁሉ ተደርጎ በሽታው አይድንም» ስለው ደነገጠ። ሕዋሳቱ መሞታቸውን አይተዉም፤ ኤሌክትሪኩ ምልክቱን ይገታል እንጂ ሥሩን አይነቅልም። ከዚህም በላይ መንቀጥቀጥን ትተን ስንመለከተው፥ መሣሪያው የሚያሻሽለው ሌቮዶፓ የሚያሻሽለውን ነው። ኪኒኑ በውጤት ሰዓቱ ሊያቃናው ያልቻለውን አካሄድ ሽቦውም በአብዛኛው አያቃናውም። ስለዚህ በሠለጠኑት አገሮች ያሉ ሐኪሞች አንድ ሰው ለዚህ ቀዶ ሕክምና ተገቢ መሆኑን ለማወቅ አስቀድመው ኪኒኑን በሚገባ ሰጥተው ምን ያህል እንደሚረዳው ይለካሉ። እንግዲህ ወደ መሣሪያው የሚወስደው መንገድ በኪኒኑ በኩል የሚያልፍ ሲሆን፥ ኪኒኑን ሳያውቁ ቤት መሸጥ በሩን ትቶ በግድግዳው ለመግባት መሞከር ነው።

መምህሩን ኪኒኑን እንዴት እንደሚወስዱ ጠየቅኋቸው። ጧት ከቍርስ ጋር፥ ማታ ከራት ጋር፥ ደኅና በዋሉበት ቀን ደግሞ ጭራሽ እንደሚተዉት ነገሩኝ። ኪኒኑ ከመጠን በላይ ውድ በሆነበትና ከከተማ ወጣ ሲሉ ሁልጊዜ በማይገኝበት ጊዜ መቆጠብ መፈለጋቸው አያስነቅፍም። ጕዳቱ ግን ከዚህ ነው፦ ሌቮዶፓ ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው ሥጋ፥ አይብ፥ እንቍላልና የመሳሰሉት የሚሰጡት ንጥረ ነገር በሚያልፍበት በዚያው በር ነው። ሁለቱ አንድ ጊዜ ከመጡ ሥጋው ይቀድማል፥ ኪኒኑም ከበር ይቀራል። በመስቀል በዓል ጧት ክትፎና አይብ ቀርቦ ኪኒኑን ከዚያ ጋር የዋጠ ታማሚ፥ ከሰዓት በኋላ ከመቀመጫው መነሣት ቢያቅተው መድኃኒቱ ሰንፎ አይደለም። ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት፥ ወይም ከምግብ በኋላ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ መውሰድ ይገባል። መድኃኒቱ ባዶ ሆድ ላይ የሚያቅለሸልሸው ሰው ቍራሽ ቆጮ ቢቀምስበት የሥጋን ያህል አያውክበትም፤ ቆጮ የዚያ ንጥረ ነገር ድኻ ነውና። (የቆጮ ነቃፊዎች ይህችን ልብ ይበሉልኝ።) ባቄላም ራሱ ሌቮዶፓ እንዳለበት እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ መጠኑ ከማሳ ማሳ፥ ከእሸት ደረቅ ስለሚለያይ በኪኒን ፋንታ ሊታመኑበት አይገባም። ጸበል የሚሄድ፥ ዱዓ የሚያስደርግ፥ የሚጾምም ታማሚ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ይመካከርበት እንጂ መድኃኒቱን በድንገት አያቋርጥ፤ በድንገት ማቋረጥ ለሕይወት እስከሚያሰጋ ድረስ ያደርሳል።

ከዚህ በኋላ የመምህሩ ጥያቄ ይቀራል፤ በሽታው መማርን ይወስዳልን?

መልሱን ለመስጠት መማር ሁለት ዐይነት መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። አንዱ በቃል የሚያዝ ነው፤ የዓድዋ ጦርነት መቼ እንደ ሆነ ማወቅ እንደዚህ ያለ ነው። ሁለተኛው ሳያስቡት እጅና እግር፥ ዐይንና ልቡና ቀስ በቀስ የሚለምዱት ነው፤ ልብስ መቈለፍ፥ እንሰት መፋቅ፥ ፊደልን ሳያዩ መጻፍ ከዚህ ወገን ናቸው። «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ይህ ሁለተኛው ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

በ1996 ኖልተን፥ ማንግልስና ስኳየር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሁለቱን ለይተው አሳዩ። ሰዎች ሥዕል ያለባቸውን ካርዶች እያዩ «ዝናብ ይሆናል ወይስ ፀሐይ?» የሚለውን እንዲገምቱ ተደረገ፤ ካርዶቹ ሁልጊዜ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ብቻ እውነት ስለሚናገሩ ምሥጢሩ በመላምድ እንጂ በቃል አይያዝም። የማስታወስ ኀይላቸው የጠፋ ሰዎች ይህን ልማድ እየተማሩ ሄዱ፤ ዳሩ ግን ካርዶቹን ስለ ማየታቸው በኋላ ሲጠየቁ አላስታወሱም። ፓርኪንሰን የያዛቸው ሰዎች በተቃራኒው ካርዶቹንና የሆነውን ሁሉ በሚገባ ሲያስታውሱ፥ ግምቱን ግን በቶሎ ሊለምዱት አልቻሉም። እንግዲህ የወልቂጤው መምህር የሚያውቁት ታሪክና ሰዋስው በቦታው አለ፤ የራቃቸው እጃቸው ራሱን ችሎ ይሠራው የነበረው ሥራ ነው። በእርግጥ በሽታው ብዙ ዓመት ሲቈይ በብዙዎች ላይ አእምሮም ይደክማል፤ ይህን መደበቅ አይገባም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን የተንቀጠቀጠውን እጅ አይቶ «አእምሮው ሄዷል» የሚል ሰው የሚፈርደው በማያውቀው ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው በ2004 ማይክል ፍራንክና ጓደኞቹ ያሳተሙት ሙከራ ነው። ለታማሚዎቹ የጃፓን ፊደላት ጥንድ ጥንድ ሆነው ቀረቡላቸው፤ ጃፓንኛ ለማያውቅ አሜሪካዊ እነዚህ ምልክቶች የእኛ ሀሁ ለሕፃን እንደሚሆነው ናቸው። ከጥንዱ አንዱ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል፥ ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት ነው፤ ታማሚው ይመርጣል፥ «ትክክል» ወይም «ስሕተት» ይባላል። መድኃኒታቸውን ያልወሰዱት ከስሕተታቸው በደኅና ተማሩ፤ መጥፎውን ምልክት መሸሽ ዐወቁ። መድኃኒታቸውን የወሰዱት ደግሞ «ትክክል» ከተባሉበት ተማሩ፤ ከስሕተታቸው ግን መማር አዳገታቸው። ዶፓሚን ማለት እንግዲህ እንቅስቃሴን የሚያላላ ብቻ ሳይሆን፥ ያልጠበቁት በጎ ነገር ሲመጣ «ይህን ያዝ» የሚል የአንጎል መልእክተኛ ነው።

በ2007 ይኸው ፍራንክና ሌሎች ጓደኞቹ ሽቦ የተተከለላቸውን ሰዎች እንዲሁ ፈተኑ። ኤሌክትሪኩ በመድኃኒቱ እንደሚሆነው ከ«ትክክል»ና ከ«ስሕተት» የሚማሩበትን ሚዛን አልለወጠውም። ሌላ ነገር ግን ታየ። ጤነኛ ሰው ሁለት እኩል የሚመስሉ ጥሩ ነገሮች ሲቀርቡለት ቆም ብሎ ያስባል፤ ኤሌክትሪኩ የበራላቸው ታማሚዎች ግን እንዲህ ባለው ጊዜ እንደ መቆም ፋንታ ቸኵለው ይመርጡ ነበር። ያቺ ምስር የምትመስለው የአንጎል ክፍል እግርና እጅን ብቻ ሳይሆን አሳብንም «ትንሽ ቆይ» ብላ የምትይዝ ልጓም ኖራለች፤ ልጓሙ ሲላላ እግሩም ይፈታል፥ አሳቡም ይቸኵላል። ከዚህ ሌላ መሣሪያው የተተከለላቸው አንዳንድ ሰዎች ቃል ፈልጎ ማግኘት ያዳግታቸዋል፥ ንግግራቸውም ይተባተባል፤ በቃል ለሚተዳደር መምህር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚለኝ አንባቢ እንዳለ ዐውቃለሁ። አንድ የሥራ ጓደኛዬም «በዚህ ጽሑፍ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ንጹሕ ውኃ ሊጻፍ ሲገባ ስለ አንጎል ኤሌክትሪክ ምን አመጣው?» ብሎኛል። መልሴ አጭር ነው። ንጹሕ ውኃና ክትባት ሥራቸውን በሠሩ መጠን ከ60 ዓመት የሚያልፉት ሰዎች ቍጥር ይበዛል፤ የሽማግሌ በሽታም ከነርሱ ጋር ይመጣል። የጤና ጥበቃ ሥራ የተሳካለት አገር ይህን እንግዳ መቀበል ግዴታው ነው። ደግሞም ከተፈተኑት ነገሮች ብዙዎቹን በወልቂጤም በቡታጅራም ያለ ሽቦና ያለ ባትሪ ልንሠራባቸው እንችላለን፤ የሚያስፈልገው መማርን የሚያውቅ ሰው ነው፤ እሱም መምህር ነው።

ታማሚው አዲስ ነገር የሚለማመደው ኪኒኑ በሚሠራበት ሰዓት መሆን አለበት፤ በዚያም ሰዓት የሚጠቅመው ስሕተቱን መቍጠር ሳይሆን የተሳካለትን ወዲያው «ይህ ትክክል ነው» ማለት ነው። ቍጣ ለማንም አይበጅም፤ ለእሱ ግን ጭራሽ ትምህርት አይሆነውም። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይሥራ፤ እየሄደ እንዲያወራ፥ እየጻፈ እንዲመልስ አይጠየቅ፤ ልማድ ያጣውን ሥራ በአሳብ ስለሚመራው አሳቡ ከተከፈለ ሥራው ይወድቃል። በልማድ የጠፋው በምልክት ይመለሳል፦ መሬት ላይ የተሰመሩ መስመሮችን እየረገጠ፥ ወይም «አንድ፥ ሁለት» እያለ፥ ወይም በዘፈን ምት የሚራመድ ታማሚ እግሩ እንደ ተተከለ አይቀርበትም። እግሩ የሚጣበቀው አብዛኛውን ጊዜ በጠባብ በርና በመታጠፊያ ላይ ነው፤ ለልምምድ ሰፊ ሜዳ የሚሻል ስለ ሆነ በጉራጌ መንደር ፊት ለፊት የተዘረጋው ለምለም ጀፎረ ለዚህ የታሰበ ይመስላል። ለጽሕፈትም ሰፋፊ መስመር የተሰመረበት ወረቀት ወይም ሰሌዳ ፊደሉ እንዳይደቅ ይረዳዋል።

ለትምህርት ቤት ኀላፊዎች አንድ ነገር እላለሁ። የመምህሩ ጽሕፈት መድቀቁና ድምፁ መስለሉ ለስንብት ምክንያት ከመሆኑ በፊት ለምርመራ ምክንያት ይሁን። ብዙ ጊዜ ሽታ ማሽተት አለመቻል፥ የሆድ ድርቀት፥ በእንቅልፍ መንፈራገጥም ከመንቀጥቀጡ በፊት ለዓመታት ይታያሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን በ2006 ተጀምሯል፤ በዚያው በአዲስ አበባ ሕሙማኑን የሚረዳ የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅትም አለ። በወረዳና በከተማ ለጤና ሥራ በጀት የሚመድቡት ደግሞ «መሣሪያው የለንም» ብለው ከማዘን ይልቅ ኪኒኑ ከመደርደሪያው እንዳይጠፋ ቢያደርጉ እመርጣለሁ፤ አንድ ወር ጠፍቶ አንድ ወር የሚገኝ ሌቮዶፓ ታማሚውን ከማሠልጠን ያሰናክለዋልና።

መሣሪያውን የምቃወም መስሎ እንዳይታይብኝ። ኪኒኑን በሥርዐቱ ለዓመታት ወስደው ረድቷቸው፥ ኋላ ግን የሚሠራበት ሰዓት እያጠረ፥ ሰውነታቸውም ያለ ፈቃዳቸው እየተወራጨ ያስቸገራቸው፥ አእምሯቸው ጤነኛ የሆነ ሰዎች አሉ፤ ለነርሱ ይህ ሕክምና ትልቅ ዕረፍት ነው። ከውጭ አገር ለመስቀል ወይም ለዐረፋ ወደ ወገኖቹ የሚመጣ እንዲህ ያለ ሰው ቢያጋጥም ቤተ ሰቡ ሁለት ነገር ይወቅ። አንደኛ፥ ለማንኛውም ሐኪም መሣሪያ እንዳለው አስቀድሞ ይንገር፤ ለወገብና ለጕልበት ሕመም በኤሌክትሪክ ሞገድ የሚሰጠው የሙቀት ሕክምና ለሕይወቱ ያሰጋዋል። ሁለተኛ፥ ትልቅ ጕዳይ ሲገጥመው፥ ቤት ሲሸጥ፥ ብድር ሲፈርም፥ ብዙ ሰው ባለበት ዕቍብ ሲገባ፥ አንድ ሌሊት አሳድሮ ይወስን። ይህ ከሽቦው ብቻ አይደለም፤ ከዚህ በሽታ መድኃኒቶችም አንዳንዶቹ በጥቂት ሰዎች ላይ ከልክ ያለፈ የቍማርና የግዥ ፍላጎት ያመጣሉና፥ እንዲህ ያለ ጠባይ የታየበት ሰው ከመወቀሱ በፊት ሐኪሙ ይነገረው።

በ1996 በአትላንታ፥ ፋጡማ ሮባና ኀይሌ ገብረ ሥላሴ ወርቅ ባገኙበት ኦሊምፒክ፥ ችቦውን በመጨረሻ የለኰሰው ቦክሰኛው መሐመድ ዓሊ ነበር። እጁ ሲንቀጠቀጥ ዓለም ሁሉ አየው። የወልቂጤው መምህር ያንን በቴሌቪዥን ሲመለከቱ በሽታው አንድ ቀን የርሳቸው እንደሚሆን እንዳላሰቡ ነገሩኝ።

ቤቱ አልተሸጠም፤ ባሕር ዛፉም ቆሟል። መምህሩ ኪኒናቸውን ከምግብ ለይተው በሰዓት መውሰድ ከጀመሩ ወራት አልፈዋል። ትምህርት ቤቱ ሳምንቱን ሙሉ ከማስተማር አሳርፎ በሁለት ክፍል ብቻ እንዲያስተምሩ ፈቀደላቸው፤ ከመግባታቸው በፊት አንድ ተማሪ በጠመኔ በተቀባ ገመድ ሰሌዳው ላይ ሰፋፊ መስመር ያሰምርላቸዋል። በቤት ደግሞ የልጅ ልጃቸው በእጅ ስልክ መጻፍ ታስተምራቸዋለች፤ ጧት ኪኒኑን በወሰዱ በአንድ ሰዓት፥ ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ። ሲሳሳቱ ዝም ትላለች፤ ሲያገኙ ታጨበጭባለች። ይህን ማንም አልነገራትም፤ ራሷ ያገኘችው ዘዴ ነው። ባለፈው ሳምንት ለአሜሪካው ዘመዳቸው የመጀመሪያውን መልእክት ላኩ። አሥራ አንድ ቃል ነው፤ ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶባቸዋል፤ ካሳዩኝ በኋላ ግን «ሁለቱ ቃላት ተሳስተዋል፥ ነገ አስተካክለዋለሁ» አሉኝ።